ኦኒክስ በአንጎል ሽፋን ሥር ለሚጠራቀም ደም፦ የሚሠራውና የማይሠራው

ጭንቅላታቸውን የተመቱ አዛውንት ከሳምንታት በኋላ እግራቸውን መጎተት ወይም መዘባረቅ ሲጀምሩ፣ ሲቲ ስካኑ ብዙ ጊዜ ከዱራ (ጠንካራው የአንጎል ውጫዊ ሽፋን) ሥር ያደረ ደም ያሳያል። የራስ ቅሉን በስቶ ማፍሰስ ያስተነፍሳል፤ ጣጣው ደሙ ተመልሶ መምጣቱ ነው። በደሙ ዙሪያ የሚበቅለው ስስ ሽፋን በሚያንጠባጥቡ ጥቃቅን ሥሮች የተሞላ ነው፤ እነሱን የሚመግበው የዱራው መካከለኛ ደም ቅዳ ነው። ሜድትሮኒክ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ኦኒክስ፣ የደም ሥር መዝጊያ ፈሳሽ፣ ይህን መጋቢ ይዘጋል።

ኢቪኦኤች የተባለ ፖሊመር ዲኤምኤስኦ በተባለ አሟሚ ፈሳሽ ሟሙቶ፣ በኤክስሬይ እንዲታይ የታንታለም ዱቄት ተጨምሮበት ነው የሚመጣው። ከብሽሽት ወይም ከእጅ አንጓ በገባ ቀጭን ቱቦ (ካቴተር) ይለቀቃል፤ ደም ሲነካው ከውጭ ወደ ውስጥ ይጠጥራል። ከሁለቱ ዓይነቶች ኦኒክስ 18 ከኦኒክስ 34 ስለሚቀጥን ወደ ጫፍ ቅርንጫፎች ይዘልቃል።

ብልቃጡ ቢያንስ 20 ደቂቃ በማሽን መናወጥ አለበት። ከተቸኮለ ታንታለሙ ይዘቅጣል፣ ፈሳሹ የት እንደደረሰም አይታይም። ካቴተሩ ዲኤምኤስኦ የሚችል መሆን አለበት፤ የውስጥ ክፍተቱም በቅድሚያ በዲኤምኤስኦ ይሞላል። የመልቀቂያው ፍጥነት በደቂቃ ከ0.3 ሚሊ ሊትር አይለፍ፤ ከፈጠነ ዲኤምኤስኦው የደም ሥሩን ግድግዳ ይጎዳል። ኦኒክሱ በካቴተሩ ዙሪያ ወደ ኋላ ሲመለስ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ከ2 ደቂቃ በላይ ከቆዩ ግን ካቴተሩ ውስጥ ይጠጥራል፣ ገፍተው ሲያስገቡትም ካቴተሩ ሊፈነዳ ይችላል። ዲኤምኤስኦው ዱራውን ስለሚያቃጥል የልብ ምት በድንገት ሊወርድ ይችላልና ማደንዘዣ ሰጪው ቀድሞ ይወቅ። (በማግስቱ ትንፋሹ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ቢሸት ቤተሰብ አይደንግጥ።)

ዋናው አደጋ ግን ሌላ ነው። ይህ ደም ቅዳ አንዳንድ ሰው ላይ ከዓይን የደም ሥር ጋር ይገናኛል፤ ሳይጣራ ከተለቀቀ ያሳውራል። የፊት ነርቭን የሚመግበው ቅርንጫፍ ከተዘጋ ደግሞ ፊት ይጣመማል።

በ2024 የወጣው ኤምቦላይዝ ጥናት 400 ሕሙማን ነበሩት። በ90 ቀን ውስጥ ድጋሚ ቀዶ ሕክምና ያስፈለጋቸው ኦኒክስ ከተጨመረላቸው 4.1 በመቶ፣ ቀዶ ሕክምና ብቻ ካገኙት 11.3 በመቶ ነበሩ። ከሂደቱ የመጣ ከባድ ጉዳት 2 በመቶ ላይ ታየ፤ ሁለት ሰዎች አካል ጉዳተኛ የሚያደርግ ስትሮክ ደረሰባቸው። በቻይና የተደረገው ማጂክ ኤምቲ ጥናት፣ ምልክት ያስከተለ የደሙን መመለስ ወይም መጨመር ለክቶ፣ ያገኘው ልዩነት ጠባብ ነው፦ 6.7 ከ9.9 በመቶ፤ በስታቲስቲክስም አልጸናም።

ስለዚህ ከቀዶ ሕክምና ጎን ደጋፊ አድርጎ መውሰዱ ያዋጣል። ደሙን አያፈስም፤ ያለው እስኪመጠጥ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። አንጎሉ ከመሃል መስመሩ ተገፍቶ ንቃቱ እየደከመ ላለ ሕመምተኛ ኦኒክስ ብቻውን አይደርስለትም፤ እዚያ ቅድሚያው የመሰርሰሪያው ነው።