ደብዳቤውን አሳዩኝ፦ ድሬዳዋ ላይ የማታ ዲግሪ ስፈልግ ያየሁት

በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ አንዲት የሥራ ባልደረባዬን ቢሮ ውስጥ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘኋት። ከሥራ በኋላ እየሮጠች ዓመታት የተማረችበት ኮሌጅ ዲግሪ ለመያዝ የግድ ለሚታለፈው የመውጫ ፈተና ሊያስመዘግባት አልቻለም። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። ኮሌጁ ፈቃድ አለው። ግን ፈቃዱ ሌላ ከተማ ላለው ግቢው ነው፤ ድሬ ላይ ለከፈተው አይሠራም። የከፈለችበትን ደረሰኝ በሙሉ በፌስታል ይዛ ነበር። አንዱንም አልጣለችም።

እኔም ያን ክረምት ለመመዝገብ እየተዘጋጀሁ ነበር። አንድ የትራንዚት ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በአካውንቲንግ የቴክኒክና ሙያ ደረጃ 4 ጨርሼ ሲኦሲ (የብቃት ምዘናውን) አልፌያለሁ። ሥራውን እችላለሁ። የእድገት ማስታወቂያ ሲለጠፍ ግን ሁልጊዜ "የመጀመሪያ ዲግሪ" ይላል፤ እኔም አንብቤ ወደ ወንበሬ እመለሳለሁ። የጓደኛዬን ፌስታል ካየሁ በኋላ ግን መቸኮሉን ተውኩት። አንድ ወር ሙሉ ስዞር ከረምኩ። አሁን ሦስተኛ ዓመት ላይ ነኝ። ስለመረጥኩትም ስለተውኳቸውም ያየሁትን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ኮሌጁ "እውቅና አለን" ሲላችሁ ነገሩ ገና አላለቀም። ለየትኛው ትምህርት? በየትኛው ግቢ? በመደበኛ ነው በርቀት? እስከ መቼ? የእውቅና ፈቃድ የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፤ ድሮ የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት። ፈቃዱን የሚሰጠው ደግሞ እንዲህ ተሸንሽኖ ነው። ማኔጅመንት የተፈቀደለት ግቢ አካውንቲንግም ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ያለው ግቢ ፈቃድ አለው ማለት ድሬ ያለውም አለው ማለት አይደለም። የርቀት ትምህርት ለብቻው ፈቃድ ይፈልጋል። የተሰጠውም ፈቃድ ጊዜው ያልፋል፤ መታደስ አለበት።

ሁለተኛው የመውጫ ፈተናው ነው። የተጀመረው በዚያው በ2015 ዓ.ም. ነው። የመንግሥትም የግልም ተማሪ አንድ ዓይነት ፈተና በኮምፒውተር ይፈተናል። ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ያላለፈ ዲግሪውን አይዝም፤ ደግሞ መፈተን ግን ይችላል። በመጀመሪያው ዙር ከግል ተቋማት ተፈታኞች ያለፉት 17.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ቁጥር ስሰማ ሆዴ ባር ባር አለኝ። ሰው ግን አሁንም ኮሌጅ በር ላይ ቆሞ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ወሩ ስንት ነው?" ብሎ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት አንድ ባለ መስታወት ሕንፃ ጋ ነበር። ስሙን አልጠራም። በሩ ላይ ትልቅ ባነር ተሰቅሏል፤ በወር 950 ብር ይላል። ውስጡ ይቀዘቅዛል። በድሬ ሙቀት ኤሲ ያለው ክፍል ስትገቡ ግማሽ ልባችሁ እዚያው ይቀራል። ያስተናገደችኝ ልጅ ትሁት ናት። "እህቴ፣ ዛሬ ከተመዘገብሽ የመመዝገቢያውን ግማሽ እንቀንስልሻለን" አለችኝ። የእውቅና ደብዳቤውን ማየት እፈልጋለሁ አልኳት። ግድግዳው ላይ በፍሬም የተሰቀለ ወረቀት አሳየችኝ። ተጠግቼ አነበብኩት። የንግድ ፈቃድ ነው። "የአካውንቲንጉን ማለቴ ነው፤ የዚህን ግቢ" ስላት "እሱ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው ያለው፤ ይላክልናል" አለች። የመውጫ ፈተና ስንት ሰው አሳለፋችሁ ብዬ ስጠይቅም የነገረችኝ የአዲስ አበባዎቹን ውጤት ነው። የድሬውን አታውቀውም።

ዋጋውን እዚያው ወንበር ላይ ደመርኩት። 950 ብሩ ክረምትን ጨምሮ 12 ወር ይከፈላል። ይህ 11,400 ብር ነው። መመዝገቢያ በሴሚስተር 800፣ በዓመት 1,600። ለቤተ መጻሕፍትና ለኮምፒውተር ክፍል በዓመት 1,000። ድምሩ 14,000 ብር መጣ። በኋላ የመረጥኩት ቦታ ባነር የለውም። በክሬዲት አወር (የኮርስ ክብደት በሚለካበት) 380 ብር ያስከፍል ነበር። በሴሚስተር 15 ክሬዲት ስወስድ 5,700፣ ከ400 ብር መመዝገቢያ ጋር 6,100 ይሆናል። ለሁለቱ ሴሚስተር 12,200 ብር ማለት ነው። "በወር" የሚለውን ዋጋ ስታዩ በዓመት ቀይሩትና ከዚያ አወዳድሩ።

ሐረርም ሄጃለሁ። አንድ ቅዳሜ በሚኒባስ የደንገጎን ዳገት ወጥቼ፣ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ። የቅዳሜና እሑድ ትምህርት የሚሰጥ ኮሌጅ ነበር። ሬጅስትራሩ ሳላስለምነው ደብዳቤውን ከፋይል አውጥቶ አሳየኝ። አስተማሪዎቹም ጥሩ እንደሆኑ ተማሪዎቹ ነግረውኛል። አየሩ ደግሞ ለጥናት የተፈጠረ ነው። ግን በየሳምንቱ ደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ ምሳ፣ አንዳንዴም ማደሪያ አለ። በዓመት ሳሰላው ከትምህርት ክፍያው እኩል ሊሆን ምንም አልቀረው። ሐረር ወይም ሐረማያ አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ ግን እንደ እኔ ድሬ ላይ ብቻ አትዙሩ።

ርቀትንም አስቤ ነበር። ለአንዳንድ ሰው መፍትሔ ነው። እኔ ግን ራሴን አውቃለሁ፤ ከሥራ መልስ ሞጁል ይዤ ሶፋ ላይ ከተቀመጥኩ ሁለተኛው ገጽ ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም ከፍሎ ለሚማር የማታና የቅዳሜና እሑድ ትምህርት እንደሚሰጡ አትርሱ። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አለ፣ ሐረማያም ቅርብ ነው። እኔ የዚያን ዓመት ምዝገባ ዘግይቼ ነው ያለፈኝ።

የመረጥኩት ኮሌጅ ከውጭ ሲታይ አይማርክም። አሮጌ ግቢ ነው፤ መሐሉ ላይ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። መዝገብ ቤት ያሉት አንድ ትልቅ ሰው ናቸው። ደብዳቤውን ማየት እፈልጋለሁ ስላቸው ፊታቸው በራ። "ልጄ፣ እሱን ሳታዪ አንድ ብር እንዳትከፍዪ" አሉኝ። ቦክስ ፋይሉን አወረዱ። ደብዳቤው ላይ አካውንቲንግና ፋይናንስ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ድሬዳዋ ግቢ ይላል። ቀኑና ማኅተሙ አለ። በስልኬ ፎቶ አንሺው አሉኝና አነሳሁ።

ከዚያ እሳቸው በተራቸው የእኔን ወረቀት ጠየቁኝ። የ10ኛ ክፍል ውጤት፣ የደረጃ 4 ትራንስክሪፕት፣ ሲኦሲ። ኮፒውን ብቻ አይደለም፤ ይጣራል አሉ። "ያንቺ ማስረጃ ካልተጣራ የኛ ፈቃድ ብቻውን አያስመርቅሽም።" ማጣራቱ ሁለት ወር ወሰደ። ያኔ በጣም ተበሳጭቼ ነበር። የክፍል ጓደኞቼም አጉረምርመዋል። አሁን ግን እዚያች ቢሮ ባለፍኩ ቁጥር አመሰግናቸዋለሁ። ሲገባ ያልተጣራ የመግቢያ ማስረጃ ሲወጣ መጣራቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ችግር ከተገኘበት ዓመታቱ ሁሉ በከንቱ ይሄዳሉ።

ስለ መውጫ ፈተናም ጠየቅኳቸው። ከድሬ ግቢ፣ ከአካውንቲንግ፣ በመጀመሪያው ዙር 26 ተፈትነው 9 እንዳለፉ ነገሩኝ። አላሳመሩትም፣ አልደበቁትም። ከዚያ ወዲህ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ በየሴሚስተሩ ሞዴል ፈተና እንዲሰጥ ተደርጓል፤ ያለ ተጨማሪ ክፍያ። በቀጣዩ ዓመት ከ24ቱ 13 አለፉ። እኔን ያሳመነኝ ቁጥሩ ብቻ አይደለም። የራሳቸውን ግቢ ውጤት በቃላቸው ማወቃቸው ነው።

ትምህርቱስ? አስተማሪ ከአስተማሪ ይለያያል። የታክስ አስተማሪያችን ቀን ቀን እዚያው ታክስ ላይ የሚሠራ ሰው ነው። ባዶ የታክስ ማስታወቂያ ቅጾች ይዞልን ይመጣል፤ ተጨማሪ እሴት ታክሱን፣ ዊዝሆልዲንጉን (ከክፍያ ላይ ተቀንሶ የሚያዘውን ታክስ) በእጃችን እንሞላለን። ከእሱ የተማርኩትን በማግስቱ ቢሮ ውስጥ እሠራበታለሁ። የኮስት አካውንቲንግ (የወጪ ሒሳብ) አስተማሪው ግን ሌላም ቦታ ያስተምራል። ለ11፡30 ክፍለ ጊዜ 12፡15 ላይ ደርሶ ሃንድአውት በትኖ የወጣበት ቀን ትንሽ አይደለም። ተፈራርመን አቤት አልን። በሚቀጥለው ሴሚስተር ሰዓቱን ቀየሩለት። ተሻሽሏል፤ ያመለጠንን ግን የሞላልን የለም።

ቤተ መጻሕፍቱ ደካማ ነው። እዚህ ላይ በጣም አዝናለሁ። አገራችን በአዋጅ ቁጥር 847/2006 ወደ አይኤፍአርኤስ (ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ) ገብታለች። መደርደሪያው ላይ ያሉት መጻሕፍት ግን አብዛኞቹ የድሮ የአሜሪካ የሒሳብ መጻሕፍት ናቸው። አዲሱን በስልክ ፒዲኤፍ እየተቀባበልን ነው የምናነበው። ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ካሉት 18 ማሽኖች የሚሠሩት 11 ናቸው። ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር ለሁለት ለሁለት ሆነን ነው የተማርነው። የመውጫ ፈተናው በኮምፒውተር በመሆኑ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ማውስ ይዞ የማያውቅ ጎበዝ ተማሪ ሲደነግጥ አይቻለሁ።

መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ጀነሬተሩ ለቢሮ ብቻ ነበር የሚሠራው። እኛ በስልክ መብራት፣ ቬንትሌተሩ ቆሞ፣ በላብ ተጠምቀን እንማር ነበር። አቦ፣ ግንቦት ላይ ድሬ ውስጥ ያለ ቬንትሌተር 30 ሰው አንድ ክፍል ውስጥ! ከ2017 ጀምሮ ወደ ክፍሎቹም ተዘርግቷል።

ክፍያውም ጨምሯል። ሁለተኛ ዓመት ላይ ክሬዲት አወሩ ከ380 ወደ 450 ገባ። በሴሚስተር 7,150 ብር ሆነ ማለት ነው። ማስታወቂያው ቀደም ብሎ ግንቦት ላይ ስለተለጠፈ ለመዘጋጀት ጊዜ ነበረን። ቢሆንም ስመዘገብ "እስክትመረቂ ዋጋው ይጨምራል ወይ?" ብዬ አለመጠየቄ ይቆጨኛል። እናንተ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ።

ለሴቶች አንድ ነገር ልጨምር። ክፍል የሚያልቀው ማታ 2፡30 ነው። በሩ ላይ መብራት አለ፣ ጥበቃውም ባጃጅ እስክናገኝ አብሮን ይቆማል። አራት ሆነን ወደ ሳቢያን ሰፈር አንድ ባጃጅ ኮንትራት እንይዛለን። ለመመዝገብ ስትሄዱ ቀን ብቻ አትሂዱ። ማታ ትምህርት በሚለቀቅበት ሰዓት በሩ ላይ ቆማችሁ መንገዱን እዩት።

ባለሥልጣኑ በቅርቡ የግል ተቋማት እንደ አዲስ እንዲመዘገቡ ሲያደርግ እንደገና ፍርሃት ያዘኝ። በማግስቱ በሥራ ሰዓት አስፈቅጄ ሄድኩ። እኚያ አባት ገና ሳልናገር ቦክስ ፋይሉን አወረዱት። አዲሱ ደብዳቤ መጥቷል። እሱንም ፎቶ አንስቼ ከአሮጌው ጋር አስቀምጫለሁ። ያቺ ባልደረባዬ አሁን ከእኔ አንድ ዓመት ዝቅ ብላ እዚሁ ትማራለች። ከቀድሞው ኮሌጅ የወሰደቻቸው ኮርሶች አንዱም አልተያዘላትም፤ ከዜሮ ነው የጀመረችው።

ድሬ ላይ ኮሌጅ ልትጠይቁ መሄድ ከፈለጋችሁ እኩለ ቀን ላይ አትሂዱ፤ ድሬ ነው፣ ዝግ ነው። ከ10 ሰዓት በኋላ መዝገብ ቤቱ ይከፈታል። የ10ኛ ወይም የ12ኛ ክፍል ማስረጃችሁን ዋናውን ያዙ።