በረዶ ሆኖ የሟሟ ኢንሱሊን ሸጠውልኛል፤ እናንተ እንዳትሸወዱ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፣ የፊደል ስህተት ካለ ይቅር በሉኝ። ከመድኃኒት ቤቱ ከወጣሁ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላኝም።

እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት፣ ኢንሱሊን መወጋት ከጀመረች 11 ዓመቷ ነው። የምትኖረው መተሃራ ነው፤ አባቴ ከስኳር ፋብሪካው ጡረታ ከወጣ በኋላም እዚያው ቀሩ። (አዎ፣ ስኳር ፋብሪካ። ቀልዱን ሁሉ ሰምተነዋል፣ ይለፈን።) መተሃራን የምታውቁ ሰዎች ሙቀቱ አይነገራችሁም። በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ደጅ የዋለ የብረት ወንበር ላይ የሚቀመጥ የለም። ስለዚህ እኛ ቤት ኢንሱሊን ከተነሳ የሚፈራው ሙቀት ብቻ ነው። "እንዳይሞቅ! ጥላ ውስጥ አድርጉት!" ሲባል ነው ያደግኩት። ብርድን የሚፈራ ሰው ቤታችን ኖሮ አያውቅም። የኔም ጅልነት ከዚህ ይጀምራል።

ሰሞኑን እናቴ ከምትወስድበት ቦታ አልቋል ተባለ። እኔም ዓርብ ከሥራ ስወጣ መገናኛ አካባቢ ካሉት መድኃኒት ቤቶች አንዱ ጎራ አልኩ። ስሙን አልጠራም፣ ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። መስታወቱ ከሩቅ የሚያበራው፣ ፊት ለፊቱ ላይ የፊት ክሬምና የሕፃን ወተት የደረደረው፣ ነጭ ጋውን የለበሰው ልጅ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ "ምን ነበር?" የሚላችሁ። ዋጋ ስትጠይቁት መጀመሪያ ጫማችሁን ነው የሚያየው።

አራት ብልቃጥ ኤንፒኤች (ነጩ፣ ቀስ ብሎ የሚሠራው ኢንሱሊን፤ እናቴ እስካሁን "ሌንቴ" ነው የምትለው) እና አንድ ሬጉላር (ጥርት ያለው፣ ቶሎ የሚሠራው) አልኩት። ዋጋውን ነገረኝ፣ ደነገጥኩ፣ ድንጋጤዬን አየ። ወዲያው ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ያለ ደረሰኝ ከሆነ እያንዳንዱ ላይ ሃምሳ ሃምሳ እቀንስልሻለሁ፣ እናት" አለኝ። ሁለት መቶ ሃምሳ ብር መሆኑ ነው። እሺ አልኩ። ለነገሩ ማን እምቢ ይላል? እኔ ግን ዛሬ ከሰዓት የዚያን ሁለት መቶ ሃምሳ ብር ዋጋ ከፍያለሁ፣ እመጣበታለሁ።

አሁን ደግማችሁ ደጋግማችሁ እንድታነቡልኝ የምፈልገው ይሄንን ነው።

ፍሪጁ ከባንኮኒው ጀርባ ነው፣ አንድ በር ያለው ትንሹ፣ ፍሪዘሩ ላዩ ላይ ያለው። ሲከፍተው ውስጡን አየሁት። ግማሹ የተጠጣ ጁስ፣ ሁለት ሃይላንድ ውኃ፣ የሆነ ሰው የምሳ ዕቃ። ኢንሱሊኑ ከነዚህ ሁሉ ኋላ፣ የፍሪጁ የጀርባ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ተለጥፏል የምለው ለአባባል አይደለም። ካርቶኑን ሲስበው እምቢ አለ፣ ደግሞ ሲስበው "ቅርጭ" ብሎ ከበረዶው ተላቀቀ፣ የካርቶኑ ጥግ ግድግዳው ላይ ቀረ። "ርሷል፣ ካርቶኑን ልጣልልሽ" አለና ገንጥሎ ቅርጫት ውስጥ ጣለው። በረዶ እንዳይነካው የሚለው ማስጠንቀቂያ ያለበትን ካርቶን ማለቴ ነው።

ብልቃጡን ወደ መብራቱ አነሳና ዘቀዘቀው። ውስጡ ያለው ነጭ ነገር አልፈሰሰም። ከታች እንደነበረ፣ ተገልብጦም እዚያው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ይሄንን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ማንም አልነገረኝም። ልጁም አይቷል። ለአፍታ ዝም አለ፤ እዚያች ዝምታ ውስጥ ነው የወሰነው፣ አሁን ሳስበው ይታወቀኛል። ከዚያ ብልቃጡን በሁለት መዳፉ መሃል አስገብቶ ያሸው ጀመር። ብርድ የያዘው ሰው እጁን እንደሚያሽ። እፍ እፍ አለበት። በጋውኑ ጫፍ ጠረገው፣ ደግሞ አሸው። አራቱንም በየተራ እንዲህ አደረገና ሲፈስ ሲያይ ፌስታል ውስጥ ከተተልኝ።

"በረዶ ሆኖ ነበር እንዴ?" አልኩት። ጠይቄያለሁ፣ አልጠየቅሽም እንዳትሉኝ።

"ጥሩ ቀዝቅዟል ማለት ነው" አለኝ ፈገግ ብሎ። "መብራት ስለሚጠፋ እኛ ፍሪጁን መጨረሻው ብርድ፣ ሰባት ቁጥር ላይ ነው የምናደርገው። ሌላ ቦታ ብትገዢ ለብ ያለ ነበር የሚሰጡሽ።"

እኔስ ምን ብዬ መለስኩለት? "ተባረክ!"

መረቅኩት እኮ! የእናቴን መድኃኒት ገድሎ በፌስታል ለሰጠኝ ሰው "ተባረክ" ብዬ፣ ሂሳቤን ከፍዬ፣ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ሌሊቱን ሁሉ ጆሮዬ ላይ የሚጮኸው ይሄ ቃል ነው።

አንዱን ኤንፒኤች እናቴ ለምርመራ ስትመጣ ይሆናል ብዬ እዚህ ቤቴ ፍሪጅ የአትክልት መሳቢያ ውስጥ አስቀረሁ። ቀሪዎቹን ቅዳሜ ይዤ ወረድኩ። እንዴት እንደያዝኩት ደግሞ ስሙ። ሁለት ሃይላንድ ውኃ ሌሊቱን ፍሪዘር አሳድሬ ድንጋይ አድርጌ፣ ብልቃጦቹን መሃላቸው ሸጉጬ፣ በፎጣ አስሬ። ከቃሊቲ እስከ አዳማ፣ ከአዳማ በወለንጪቲ አድርጎ እስከ መተሃራ ጭኔ ላይ አቅፌው ሄድኩ። ረዳቱ "ላይ እንጫነው" ሲለኝ ልጣላው ነበር። እናቴ ፌስታሉን ነክታ "እንዴት ይቀዘቅዛል፣ ይሄ ነው ልጅ ማለት" አለችኝ።

ሰኞ አዲሱን ጀመረች። ማክሰኞ ጠዋት ስኳሯ 260። ረቡዕ 340። በስልክ ምን እንዳልኳት ልንገራችሁ? "እንጀራ አብዝተሽ ነው። ቡና ላይ ስኳር ጨምረሽ ነው።" እሷ "በማርያም! ጎመንና ትንሽ ሽሮ ነው የቀመስኩት" እያለች ትምልልኛለች፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ አላምናትም። የ67 ዓመት ሴት እንደ ሕፃን አስማልኳት። ሐሙስ 430 ሆነ፣ ውኃ ጠጥታ አትረካም፣ ዓይኗ ላይ ጉም ተጋረደባት። ጎረቤት ናት ደግፋ ጤና ጣቢያ ያደረሰቻት።

እዚያ ያለችው ነርስ፣ ዕድሜዋን ያርዝምላት፣ ከመለካቷ በፊት "የምትወጊበትን አምጪው" አለቻት። ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ አየችውና ስልክ ደወለችልኝ። "እህቴ፣ ይሄንን የገዛሽው አንቺ ነሽ? በረዶ ነክቶታል።" ኤንፒኤች ቀስ ተደርጎ በመዳፍ ሲንከባለል አንድ ወጥ እንደ ስስ ወተት መሆን አለበት። የእናቴ ግን እንደ ተበላሸ ወተት ተቆራርጦ፣ ነጫጭ ፍርፋሪ ሆኖ፣ ብልቃጡ ግድግዳ ላይ ውርጭ መስሎ ተለጥፏል። አንዴ በረዶ ከሆነ ቢሟሟም አይመለስም፤ አንዱ ሲሪንጅ ውስጥ ብዙ መድኃኒት ይገባል፣ ሌላው ውስጥ ባዶ ውኃ። ሬጉላሩ ደግሞ ጭራሽ አይናገርም፤ ተበላሽቶም ጥርት ብሎ ሊታይ ይችላል። እሱንም ጣሉት አለችን።

እናቴ የመንዝ ልጅ ናት። ነርሷ ስታስረዳት "ውርጭ የመታው ባቄላ በይኛ" አለቻት አሉ። "ማታ አረንጓዴ ነው፣ ጠዋት ስትነኪው የለም።"

ሁለት ቀን ሙሉ ጥፋቱን በራሴ ላይ አድርጌ ነበር። እነዚያ ሃይላንዶች ናቸው ብዬ። እንቅልፍ አጣሁ፣ ለባለቤቴም መናገር አፈርኩ። ደግሞ የሚያበግነኝ ሳነብ ያገኘሁት ነው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጡት ጥናት አለ፣ ኬንያ ዳዳብ የስደተኞች ካምፕ ያለውን ሙቀት ተከትሎ የተሠራ። ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት 4 ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን ኃይሉን አልጣለም። ይሄን ሁሉ ዓመት ሙቀት ሙቀት ስንል፣ በሰዓታት ውስጥ የሚገድለውን በረዶ እኔው በፎጣ ጠቅልዬ አቅፌ ሄድኩ።

ዛሬ ጠዋት ታዲያ ጎመን ላወጣ የአትክልት መሳቢያውን ስከፍት አራተኛው ብልቃጥ ከቲማቲሙ ሥር ተንከባሎ ወጣ። ረስቼው ነበር። መተሃራን ያላየው፣ ሃይላንድ ያልነካው፣ ክዳኑ ያልተነሳው። ቲማቲሙ ለስላሳ ነው፣ ጎመኑ አልደረቀም፣ የኔ ፍሪጅ በረዶ አልሠራም። በመዳፌ አሥር ጊዜ አንከባለልኩት። ሃያ ጊዜ። ወደ መስኮት ያዝኩት። ያው ፍርፋሪ፣ ያው ውርጭ።

ኩሽና ወለል ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። መጀመሪያ በእፎይታ፣ ቀጥሎ በንዴት።

ከሰዓት ብልቃጡን ይዤ ሄድኩ። ልጁ አለ። አወቀኝ፣ ዓይኑ ተናገረ። "አላስታውስሽም" አለ። ሁሉንም በእርጋታ ነገርኩት፣ ብልቃጡን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩለት። አንስቶ እንደ ሽሮፕ ናጠው! ባለ በሌለ ኃይሉ ናጠው፣ አረፋ እስኪደፍቅ፣ ከዚያ "ይኸው ተስተካከለ" ብሎ መልሶ አስቀመጠልኝ። ካሸር ላይ ያለችው ልጅ ማስቲካዋን አቁማ ሳቀች።

"ደረሰኝ አለሽ?"

የለኝም። ራሱ ነው ያሳጣኝ፣ ራሱ ነው የሚጠይቀኝ። ሁለት መቶ ሃምሳ ብሬ ይቺ ናት።

"የት ነበር የወሰድሽው አልሽኝ? መተሃራ?" ወደ ልጅቷ ዞሮ "እዚያ እኮ ሰውም ይቀቀላል" አላት። ተሳሳቁ። "እናንተ ቤት አበላሽታችሁ ነው የምታመጡብን።" ይሄኛው መተሃራ አልሄደም ብል ማን ይስማኝ። በእስክሪብቶው መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት መታ መታ አደረገልኝ፦ "የተሸጠ መድኃኒት አይመለስም"። ሕጉ ልክ ነው፣ እኔም ሌላ ሰው መልሶ ያመጣውን መድኃኒት መግዛት አልፈልግም። ግን ያ ወረቀት የተለጠፈው በረዶ አሽቶ የሚሸጥ ሰው እንዲከለልበት አይደለም። ከኋላዬ የቆሙ አንድ አባት በጆሮዬ "ልጄ፣ ከነዚህ ጋር አትድከሚ" አሉኝ። ሊገዙ የመጡትን ግን ገዝተው ነው የወጡት።

ያልኳችሁን ለመጨረስ ያህል፦ ካርቶኑን አያስጥሉ፣ ሳይከፍሉ ብልቃጡን ተቀብለው አንከባልለው ይዩ፣ ከፍሪጁ የጀርባ ግድግዳ ተላቆ ከወጣ ጥለው ይውጡ። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው፣ ቤት ውስጥም ከፍሪዘሩ ራቅ ብሎ፣ ግድግዳ ሳይነካ። የተከፈተው እንደየዓይነቱ ለአራት ሳምንት ያህል ከፍሪጅ ውጪ ጥላ ውስጥ ይቆያል፣ ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት ያንብቡ። ለመንገድ እርጥብ ጨርቅ ይበቃል፤ በረዶ የግድ ከሆነ በመሃሉ ወፍራም ፎጣ ይግባ። ደረሰኝ ተቀበሉ። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነጻ መስመር 8482 ነው፣ እኔ ጠዋት እደውላለሁ፤ ብልቃጡን ሳልጥል ያስቀመጥኩት ለዚሁ ነው።

እናቴ ጤና ጣቢያው በሰጣት ዛሬ ማታ 210 ወርዳለች። "ይኸው፣ ሽሮው አልነበረም" ብላ ነው ስልኩን ያነሳችው። ሌላ ቦታ ሄጄ፣ ዘቅዝቄ፣ አንከባልዬ፣ ባለሙያዋን እስካሰለቻት ጠይቄ ሁለት ብልቃጥ ገዝቻለሁ። ነገ ጠዋት በአጎቴ ልጅ እልካለሁ፣ በእርጥብ ነጠላ ጠቅልዬ። ሃይላንዶቹን ከፍሪዘር አውጥቼ አበባው ላይ ደፍቻቸዋለሁ።