ዘይት የሚያፈሰው ጊርቦክስ፦ ከለውዝ መጭመቂያዬ ጋር አስር ወር በድሬዳዋ

ማሽኑን የገዛሁት ጥቅምት ላይ ነው። ከባቢሌ የሚመጣ ለውዝ እጨምቅበታለሁ። ዘይቱን በሊትር፣ ፋጉሎውን ለከብት አድላቢዎች እሸጣለሁ። ስለ አጨማመቁ ብዙ የምለው የለኝም፤ ጥሩ ይጨምቃል። ለመጻፍ ያስነሳኝ የሞተሩን ጉልበት ወደ መጭመቂያው የሚያስተላልፈው ጊርቦክስ ነው።

የካቲት ላይ ከጊርቦክሱ ሥር ዘይት ማየት ጀመርኩ። ዘይት የሚጨመቅበት ቤት ወለሉ መቼም አይደርቅም። ስለዚህ የለውዝ ዘይት መስሎኝ ሰጋቱራ እየበተንኩ ስጠርግ ወር ያህል አለፈ። አንድ ጠዋት ጣቴን ነክሬ አሸተትኩት። የለውዝ ዘይት የተቆላ ለውዝ ነው የሚሸተው። ይሄኛው ድኝ ድኝ ይላል። የማርሾቹ ጥርሶች ከባድ ጫና ሲያርፍባቸው እንዳይበላሉ ብዙ የጊርቦክስ ዘይት ላይ የድኝ ውህድ ይጨመራል። ሽታው ከዚያ ነው። በጣም ደነገጥኩ። ጊርቦክሱ ከመጭመቂያው አንድ ክንድ አይርቅም፤ እኔ ደግሞ ሰው የሚበላውን ነው የማመርተው። የዚያኑ ቀን ሥራ አቁሜ በመካከላቸው የላሜራ መከለያ አስበየድኩ።

ለሻጩ ደወልኩ። «ፓራኦሊው ነው፣ ቀይሪው» አለኝ፤ ዘይት እንዳያፈስ ዘንጉ ዙሪያ የሚገባውን ላስቲክ ማለቱ ነው። ቀየርኩ። በሦስተኛው ሳምንት ተመልሶ አፈሰሰ። «ኦሪጅናል አላስገባሽም ማለት ነው» አለኝ። ኦሪጅናል ፈልጌ አስገባሁ። ደግሞ አፈሰሰ። ለሦስተኛ ጊዜ ስደውል «የድሬ ሙቀት ነው፣ ምን እናድርግ?» አለ። እስከዛሬ የሚያናድደኝ ይቺ መልስ ናት። ሲሸጥልኝ ማሽኑን የት እንደምወስደው ያውቅ ነበር። ድሬዳዋ መሞቅ የጀመረችው እኔ ማሽን ከገዛሁ በኋላ አይደለም!

ግንቦት ላይ ድምፁ ተለወጠ። ድሮ አንድ ወጥ ጉምጉምታ ነበረው። አሁን ያፏጫል፤ ለውዙ ሲበዛበት ደግሞ ያጉረመርማል። መዳፌን አካሉ ላይ ሁለት ሴኮንድ እንኳ ማቆየት አልቻልኩም። በርቀት የሚለካ ቴርሞሜትር ተውሼ ብለካው 91 ዲግሪ ሆነ። በዘይት ማያ መስታወቱ ሳይ ዘይቱ ከመስመሩ በታች ወርዷል። ጨምሬ መሥራት እችል ነበር። ፈራሁና አጠፋሁት። ከዓመቱ ውሳኔዬ ሁሉ ትልቁ እሱ ነው።

ከዚራ ሰፈር ከምድር ባቡር ጋራዥ ጡረታ የወጡ መካኒክ አሉ፤ ጋሼ እንላቸዋለን። መጡ። ለአጭር ጊዜ አስነሺው አሉኝ። ረጅም ካቻቢቴ አውጥተው ጫፉን ኩሽኔታው፣ ማለትም ዘንጉ የሚሽከረከርበት ቀለበት፣ የተቀመጠበት ቦታ ላይ አሳረፉ። እጀታውን ከጆሯቸው ጀርባ አጥንቱ ላይ አስደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሁሉንም ኩሽኔታዎች እንዲህ አንድ በአንድ አዳመጡ። ሞተሩ በኩል ያለው ላይ ቆዩ። ከዚያ አስጠፉኝና የጊርቦክሱን አናት በጣታቸው መቱት።

«አቦ ልጄ፣ ይሄ በየት በኩል ነው የሚተነፍሰው?»

አናቱ ላይ ያለው ቡሎን ድፍን ነበር። ቀስ ብለው ሲያላሉት ፍስስስ አለ፤ ትኩስ የዘይት ጭጋግ እጃቸው ላይ አረፈ። ድፍኑ ቡሎን ለጉዞ ብቻ ነው፣ ዘይት እንዳይደፋ። ማሽኑ ሲተከል ወጥቶ ቀዳዳ ያለው መተንፈሻ መግባት ነበረበት። መተንፈሻውን ከመለዋወጫዎቹ ጋር በላስቲክ እንደታሰረ መጋዘን ውስጥ አገኘነው። አውራ ጣት የምታህል የናስ ቁራጭ ናት።

ነገሩ ሁሉ ከዚያ ነው የመጣው። ጊርቦክስ ሲሠራ ይሞቃል፣ ውስጡ ያለው አየር ያብጣል። መውጫ ካጣ ደካማውን ቦታ ፈልጎ ይገፋል፤ እሱም የፓራኦሊው ከንፈር ነው። ዘይቱ ሲቀንስ የቀረው ይብስ ይሞቃል። ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ሲቀጥን ብረት ከብረት ይገናኛል። እኔ ግን ፓራኦሊ እቀይር ነበር።

የተቀዳው ዘይት ጠቁሯል። ታች ያለው የማፍሰሻ ቡሎን ጫፉ ማግኔት ነው። እሱ ላይ እንደ ኩል የላመ ግራጫ ብናኝ ተጣብቋል። ጋሼ በጣታቸው አሽተው አሳዩኝ። «ይሄ ምንም አይደል። ይሄ ነው የሚያስፈራው» አሉና በብናኙ ውስጥ የሚያብለጨልጩ ሁለት ቅርፊቶች ለዩ። ልክ እንደ ዓሣ ቅርፊት ስስ ናቸው። የኩሽኔታው መሮጫ መላጥ ጀምሯል ማለት ነው። ከፍተን ስናይ እውነትም ተልጧል። ጥርሶቹ ግን ደህና ነበሩ፣ ተመስገን። አንድ ኩሽኔታ፣ አዲስ ፓራኦሊና 220 ቁጥር ዘይት ገባ። ሰኔ ሙሉ፣ በዚያ ሙቀት፣ ከ70 ዲግሪ አልፎ አያውቅም። ጠብታም አላየሁም።

ሻጩ «ማኑዋሉ ላይ ተጽፏል» ይለኝ ይሆናል። የሰጠኝ ማኑዋል በቻይንኛ ነው። ደግሞ የተከሉልኝ የራሱ ልጆች ናቸው፤ ገንዘብም ከፍያለሁ። ሦስት ጊዜ ስደውል አንድ ጊዜ «አናቱ ላይ ያለውን ቡሎን እዪው» ቢለኝ ኖሮ አንድም ኩሽኔታ አይላጥም ነበር።

መብራት ሲጠፋም አንድ ነገር ተምሬያለሁ። በርሜሉ፣ ማለትም ለውዙ የሚጨመቅበት ቱቦ፣ ውስጥ የቀረው ፋጉሎ ይደርቃል። መብራት ሲመጣ ዝም ብሎ ማስነሳት ጊርቦክሱን በመዶሻ እንደመምታት ነው። እኛ አሁን ጠርገን ነው የምናስነሳው፣ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅም።

ማሽኑን ዛሬም እገዛዋለሁ። ብረቱ ጥሩ ብረት ነው፤ ትንፋሹ ታፍኖ እንኳ ስምንት ወር ሠርቶልኛል። ከዚያ ሰውዬ ግን ሁለተኛ አልገዛም።

ባለፈው ሳምንት ከእሱ የገዙ ሁለት ሰዎች ዘንድ ሄጄ ነበር፤ አንዷ እዚሁ ድሬ ሳቢያን ሰፈር፣ አንዱ ሐረር። ሁለቱም ጊርቦክስ አናት ላይ ድፍኑ ቡሎን እንዳለ ነው። የሐረሩ ከሥሩ ጆንያ አንጥፎበታል። መተንፈሻውን ከመለዋወጫው መሀል ፈልገን ያን ቀን አስገባንለት።