ቀዩ የቻይና ሥር ከቅዳሜ ገበያ

ባሕር ዳር፣ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ካለ አንድ የቅመማ ቅመም ሱቅ ዳንሸን ገዛሁ። ቻይና ውስጥ በዱር የሚበቅል፣ ሐምራዊ አበባ ያለው፣ ሴጅ ከሚባለው ቅጠላ ቅመም ጋር የሚዛመድ ተክል ነው። ተክሉ ዓመት አልፎ ዓመት ይኖራል፤ ለመድኃኒት የሚፈለገው ግን ሥሩ ነው። ቻይናውያን ከጥንት ጀምሮ ለልብና ለደም ዝውውር ይቀቅሉታል።

ዕቃው ጥሩ ነው። በደንብ ደርቋል፣ ሻጋታ የለውም፣ ቀለሙ እንደ ሸክላ ቀይ ነው። አፍልቼ ቀመስኩት። ይመራል፤ በማር ይሻላል።

ያናደደኝ ሻጩ ነው። «ለልብ ነው፣ ለእናትህ ስጣት» ብሎ ሸኘኝ። ምን መድኃኒት ትወስዳለች ብሎ አልጠየቀኝም። እማዬ የልብ በር (ቫልቭ) ተቀይሮላት ዋርፋሪን የሚባል ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ትወስዳለች! ደግነቱ ቤት ሳልገባ ፋርማሲ ጎራ አልኩ። ፋርማሲስቷ ክው አለች። ዳንሸን የዋርፋሪንን ኃይል ይጨምራል፣ ደም መፍሰስ ሊያመጣ ይችላል አለችኝ። ማሸጊያው ላይ ደግሞ ከቻይንኛ ሌላ ጽሑፍ የለም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቤታችሁ ካለ፣ እባካችሁ ሐኪሙን ሳታማክሩ አትስጡት።

ሱቁን ለቅመም እመለስበታለሁ፤ ኮረሪማው ግሩም ነው። ለመድኃኒት ግን አልሄድም።