የጋራ ቤት ላይ ማን ይወስን? ለሶስት የተከፈለ ቦርድ ወይስ ጠቅላላ ጉባኤ

ለትርፍ ያልቆሙ የቤት ድርጅቶች ውሳኔ የሚሰጡበት መንገድ ብዙ ነው፣ እኔ ሁለቱን ላወዳድር። አንደኛው የአሜሪካኖቹ የማህበረሰብ መሬት ትረስት ነው፣ መሬትን ለማህበረሰቡ በአደራ የሚይዝ ድርጅት፣ በርሊንግተን ቬርሞንት እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረው አይነት። መሬቱ የትረስቱ፣ ቤቱ የነዋሪው። የተለመደው አሰራር ቦርዱን ለሶስት ይከፍለዋል፣ ሲሶው እዛው የሚኖሩ፣ ሲሶው የአካባቢው ሰው፣ የቀረው የህዝብ ጥቅም ተወካይ።

ሁለተኛው የኡራጓይ የመረዳዳት የቤት ህብረት ስራ ነው፣ እ.ኤ.አ. የ1968ቱ የቤት ህግ ነው በር የከፈተለት። እዚህ የመጨረሻው ቃል የአባላቱ ጠቅላላ ጉባኤ ነው፣ ቤተሰቦቹም ግንባታው ላይ በሳምንት 21 ሰዓት ገደማ ይሰራሉ። እስቲ አስቡት፣ ቀን ብሎኬት ሲያቀብልህ የዋለ ሰው ማታ ስብሰባ ላይ ተነስቶ ሲሚንቶው ለምን በዛ ብሎ ይጠይቅሃል፣ ይሄን ሰው በሪፖርት አታታልለውም፣ ጆንያውን የተሸከመው እሱ ነዋ! ለኔ ከየትኛውም ኦዲት በላይ ነው።

ግን አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ፣ ጉባኤው ላይ ገና ቤት ያላገኘው ሰው ድምፅ የለውም። ትረስቱ እዚህ ጋ ይበልጣል፣ ቦርዱ ላይ እዛ የማይኖሩም አሉበትና። የበርሊንግተኑ ላይ ቤቱን የሚሸጥ ሰው ዋጋው ከጨመረው 25 በመቶውን ነው የሚወስደው፣ ቀሪው ለቀጣዩ ገዢ ቤቱን ርካሽ ያደርግለታል። ይሄን ህግ ለነዋሪው ብቻ ብትተዉለት ቀስ በቀስ ይሸረሸራል ባይ ነኝ፣ ክፋት ኖሮበት ሳይሆን የራሱ ቤት ስለሆነ። ስለዚህ ግንባታው እስኪያልቅ ጉባኤው ይወስን፣ የመሸጫ ዋጋው ላይ ግን ውጪ ያሉትም ወንበር ይኑራቸው።