ስፖት ወይስ መደበኛ ኪራይ?

ጅማ ላይ የቡና ቅጠል ፎቶ አይቶ በሽታ የሚለይ ሞዴል የምታሠለጥኑ ልጆች፣ ክላውድ ላይ (በኢንተርኔት) ክላስተር፣ ማለትም አብረው የሚሠሩ ማሽኖች፣ ስትከራዩ ሁለት ምርጫ አላችሁ። መደበኛው ውድ ነው፤ ግን እስክትዘጉት ድረስ ማሽኑ የእናንተ ነው። ስፖት ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ትርፍ ማሽን ነው። አማዞን ላይ ቅናሹ እስከ 90 በመቶ ይደርሳል። ክፍያው በዶላር ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጣጣው፣ ባለቤቱ ሲፈልገው ይወስደዋል። አማዞን የ2 ደቂቃ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። በርካታ ማሽኖች ግራዲየንት (ሞዴሉ እንዴት መታረም እንዳለበት የሚያሳይ ስሌት) እየተለዋወጡ ሲያሠለጥኑ አንዱ ከወጣ፣ ብዙ ጊዜ ሌሎቹም ይቆማሉ። ስለዚህ ቼክፖይንት፣ ማለትም ሥልጠናው የደረሰበትን በየጊዜው ማስቀመጥ፣ የግድ ነው። የሞዴሉ ክብደት (የተማራቸው ቁጥሮች) ብቻ አይበቃም፤ ክብደቱን የሚያስተካክለው የኦፕቲማይዘሩም ሁኔታ አብሮ ይቀመጥ። ቦታውም የማሽኑ ዲስክ ሳይሆን እንደ አማዞን ኤስ3 ያለ የውጭ ማከማቻ ይሁን፤ ዲስኩ ከማሽኑ ጋር ሊጠፋ ይችላል።

እኔ ለሥልጠና ስፖትን እመርጣለሁ። ሥራውን የሚያስተባብረውን ዋና ማሽን ግን በመደበኛው ያዙት፤ እሱ ከሄደ ሁሉም ይበተናል። በየትኛውም ቢሆን ሥራውን በተከራያችሁት ማሽን ላይ ቲመክስ (tmux) በሚባል ፕሮግራም ውስጥ አስጀምሩት። መብራት ጠፍቶ ኢንተርኔቱ ቢቋረጥባችሁም ሥልጠናው እዚያ ይቀጥላል።