«ድንጋዩ ተቆፍሮ ወጥቷል፣ መጫን ብቻ ነው የቀረው» ለሚላችሁ ሻጭ ቀብድ እንዳትሰጡ

ለአጥር፣ ለግድግዳ ወይም ለግቢ ንጣፍ ድንጋይ እያፈላለጋችሁ ከሆነ እባካችሁ ይህን አንብቡ። ቀብዴ ሄዷል፣ ድንጋዩም እጄ አልገባም፤ ጭራሽ ቃሌን ስጥ ተብዬ ተመላልሻለሁ። ቢያንስ ሌላ ሰው ላይ አይደገም።

አንድ ደላላ ፎቶ ላከልኝ። ፊቱ ሜዳ የሆነ፣ ጥርብ ሊባል ምንም ያልቀረው ግራጫ ድንጋይ ተከምሯል። ዋጋው ከጠየቅኳቸው ሻጮች ሁሉ በጣም ይወርዳል። «ለምን ረከሰ?» ስለው መልሱ ምላሱ ላይ ነበር፦ «የካባው (የድንጋይ ማውጫው) ሊዝ ስላለቀ ነው። ድንጋዩ ግን ድሮ ተቆፍሮ ወጥቷል፣ መጫን ብቻ ነው የቀረው።» እኔም አመንኩ። አዲስ ጉድጓድ አይቆፈር፣ ዛፍ አይቆረጥ፤ የተዘጋጀውን አንስቶ መሄድ ምን ችግር አለው አልኩ። ቦታው ጥብቅ ደን ውስጥ መሆኑን ያወቅሁት ገልባጩ ኬላ ላይ ከተያዘ በኋላ ነው። ደላላው «ደን» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም፤ «ተራራው ሥር» ነበር የሚለኝ።

ወጥመዱ ያለው «ተቆፍሮ ወጥቷል» የምትለው ቃል ላይ ነው። ድንጋይ ለመቆፈር የሚሰጥ ፈቃድ አለ። የተቆፈረውን ከተከለለ ደን ለማውጣት የሚያስፈልገው ፈቃድ ሌላ ነው። በመንገድ ለማጓጓዝ ደግሞ በብዙ አገር የራሱ የይለፍ ወረቀት አለው። ሊዙ ሲያልቅ ክምሩ እዚያው የቀረበት ሰው «በላቤ ያወጣሁት ነው፣ ክፍያውንም ከፍያለሁ» ይላል። ደኑን የሚጠብቀው አካል በበኩሉ «ደኑ ውስጥ እስካለ ድረስ ያለ እኔ ፈቃድ አይነሳም» ይላል። ሁለቱም ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳሉ፣ እግድ ይወጣል፣ ይግባኝ ይባላል፣ ክምሩ ሣር ይበቅልበታል። የእኔ ሻጭ ይህን ሁሉ መጠበቅ ሰለቸውና ክርክሩን ለእኔ ሸጠልኝ። በርካሽ!

እጄ ከተቃጠለ በኋላ የሌሎች አገሮችን ሕግ ሳይቀር ማገላበጥ ጀመርኩ። የህንድን እንይ። እ.ኤ.አ. የ1927ቱ የደን ሕጋቸው ድንጋይና ማዕድን ደን ውስጥ ከተገኘ ወይም ከደን ከመጣ «የደን ውጤት» ነው ይላል። ባለቤትነቱ ላይ ጥያቄ ሲነሳ ደግሞ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ ንብረቱ የመንግሥት ነው ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ «የእኔ ነው» የሚል ሰው ራሱ ያስረዳ ማለት ነው። ጥፋት ተፈጽሟል ተብሎ ከታመነ ከዕቃው ጋር መሣሪያውና ማጓጓዣውም ሊያዝ ይችላል። ሕጉ ሲወጣ በስም የጠቀሳቸው ጀልባ፣ ጋሪና ከብት ነበሩ፤ ዛሬ ኬላ ላይ የሚቆመው ገልባጭ ነው። የእኔን ጭነት የያዘው ሾፌር በእኔ ስህተት ያለ ሥራ የተቀመጠባቸውን ቀናት ሳስብ እስካሁን አፍራለሁ።

«ሊዙ እየታደሰ ነው» የሚሉትንም አትመኑ። በ1980 ህንድ የደን ጥበቃ ሕግ ካወጣች በኋላ የደን መሬትን ለሌላ ሥራ ለማዋል የማዕከላዊ መንግሥቱ ፈቃድ ግዴታ ሆነ። በ1985 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሚካ ለማውጣት ሊዝ ስለነበረው ሰው ሲወስን፣ ቀድሞ በተቆፈረው መሬት ላይ ሌላ ማዕድን ቢያገኝ ያንን ለመሰብሰብ አዲስ ፈቃድ አያስፈልገውም አለ። ባለ ካባዎች ደስ አላቸው። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1986፣ የጉጃራት ክልል ባለ ካባዎች ያንኑ ይዘው ሊዛችን ይታደስልን ብለው ሲቀርቡ ፍርድ ቤቱ አልተቀበላቸውም። የቀድሞው ጉዳይ ሊዙ ገና በሥራ ላይ እያለ የተነሳ ነው፣ የናንተ ግን ጊዜው አልፏል፣ እድሳት መብት አይደለም ተባሉ። ሻጭ ሁልጊዜ የሚነግራችሁ የ1985ቱን ዓይነት ታሪክ ነው። የ1986ቱን ዓይነት የምትሰሙት ኬላ ላይ ነው።

«መሬቱ የግል ነው» የምትል መልስም አለች። ያው ፍርድ ቤት ዲሴምበር 12 ቀን 1996 በሰጠው ትእዛዝ ደን ማለት ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን፣ በተለመደው የቃሉ ትርጉም ደን የሆነውን ሁሉ ያጠቃልላል ብሏል። በሌላ አገር ሕጉ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ የግል ካርታ ማሳየት ብቻውን ነገሩን እንደማይዘጋ ግን ከዚህ ማየት ይቻላል።

አሜሪካም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። በ1955 የወጣ ሕግ ተራውን የግንባታ ድንጋይ፣ አሸዋና ጠጠር ማዕድን ያገኘ ሰው መሬቱን እንዲይዝ ከሚፈቅደው ከአሮጌው የማዕድን ይዞታ ሕግ አስወጣው። በካሊፎርኒያ የሳን በርናርዲኖ ብሔራዊ ደን ውስጥ ኳርትዛይት ድንጋይ ያወጣ የነበረ ሰው የመሬቱን የባለቤትነት ሰነድ ጠይቆ ተከለከለ፤ አልወጣም ሲል መንግሥት ከሰሰው፤ በ1968 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈረደበት። ድንጋዩን ማውጣቱ ባለመብት አላደረገውም።

አሁን ወደ ውሉ ልመለስ፣ እኔን የበላኝ እሱ ነውና። አንዲት መስመር አለች፦ «ርክክብ በካባው ቦታ ይፈጸማል።» ስፈርም የትራንስፖርት ወጪ በእኔ መሆኑን የምትገልጽ መስላኝ ነበር። ለካ ድንጋዩ ገልባጩ ላይ ከወጣች ደቂቃ ጀምሮ ኃላፊነቱ የእኔ ነው ማለቷ ነበር! ቀብድ ይመለስልኝ ስል ሻጩ ይህችኑ መስመር አሳየኝ፣ በትሕትና። እንዲህ ያለ መስመር ካያችሁ ርክክቡ የእናንተ ግቢ በር ላይ ይሁን በሉ፤ ድንጋዩ በሕጋዊ መንገድ የወጣ ስለመሆኑ ሻጩ በጽሑፍ ያረጋግጥ፤ ዕቃው ቢያዝ ገንዘቡ እንዲመለስም ይጻፍ። ሕጋዊ ዕቃ ያለው ሰው በዚህ አይከፋም። የእኔው ሰው ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ ስልኩን ይዘጋ ነበር፣ እኔም እተርፍ ነበር።

ወረቀት አሳዩኝ ስትሉ የሚያወጡላችሁን በደንብ ተመልከቱት። ለእኔ የታየኝ የማዕድን ክፍያ ደረሰኝ ነው፤ ማኅተም አለው፣ ያምራል፣ ከደን ለማውጣት ግን ፈቃድ አይደለም። የይለፍ ወረቀት ከሆነ ደግሞ ቀኑ፣ የመኪናው ታርጋ፣ መጠኑና ድንጋዩ የወጣበት ካባ ስም ከጭነቱ ጋር መግጠም አለበት። ለአንድ ጉዞ የተሰጠ ወረቀት ደጋግሞ መጠቀም፣ ወይም በሌላ ሕጋዊ ካባ ስም የወጣውን ማሳየት የታወቀ ዘዴ ነው። ከሁሉም በፊት ግን የቦታውን ስም ይዛችሁ ደኑን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ ራሳችሁ ጠይቁ። እኔ በመጨረሻ ስሄድ ሠራተኛዋ ስሙን እንደሰማች ፋይሉን ሳታወጣ ነው «እግድ አለበት» ያለችኝ።

የእኔ ጉዳይ ገና በቀጠሮ ላይ ነው። የተያዘው ጭነት ኬላው አጠገብ ተራግፏል። የቀረው ክምር ግን አሁንም እየተሸጠ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ያንኑ ፎቶ ሌላ ደላላ ለጓደኛዬ ልኮለታል። ክምሩ ግራጫ ነው፣ ፊት ለፊት ያሉት ድንጋዮች ላይ በቢጫ ቀለም የተጻፈ ቁጥር አለ፣ በስተቀኝ አካፋ ተደግፏል። ከደረሳችሁ እሱ ነው።